የብርቱካን ቅማል

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1975

በላች አለኝ። በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዱላው እየጠቆመ። ፊደሉ ቢንጋደድም ግድ የለኝም፣ የማነበው እኔው ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ከዚህ በላይ አይጽፍም።

ቆይ ከጠዋቱ ልጀምር። አትክልት ቦታ ገባሁ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው ባልዲዬን ይዤ። የሴቶች ማህበራችን አትክልት ቦታ ከቀበሌው ጀርባ ነው፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ትንሽ ፓፓያ አለበት። ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሥራዬ እሱ ነው፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ብርቱካኖቹ ከጥምቀት ወዲህ ጠቁረዋል። ቅጠላቸው ላይ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት የተነሰነሰበት ነው የሚመስል፣ ሲነኩት ደግሞ ይጣበቃል። እኔ አቧራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ነጌሌ በበጋ ምኑ አቧራ ያልሆነ አለ።

እትዬ አስካለ መጣች። የማህበሩ ተቆጣጣሪ ናት። በፊቷ አንቱ እላታለሁ፣ እዚህ ግን እሷ ናት፣ እዚህ ማንም አይሰማኝም። አንድ ቅጠል ቀነጠሰች፣ አሸተተች፣ ከዛ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ስምሽ ዘነበች፣ እጅሽ ድርቅ" አለችኝ። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ለምን እንደምትጠምደኝ አውቃለሁ፣ የእህቷ ልጅ ከገጠር መጥታ ሥራ ፈት ተቀምጣለች፣ ባልዲዬን ለሷ ልትሰጣት ነው።

ያኔ ነው ጃርሶ ውሃ በአህያ ጭኖ የገባው። ጃርሶ ቦረና ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ በየጠዋቱ ውሃ የሚያመጣልን እሱ ነው። እኔ ብርቱካኑ ሥር ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ አየ፣ ዱላውን ወደኔ ቀሰረና "እንጀራን ኛቴ" አለ። ራሱን እየነቀነቀ፣ ያዘነ ሰው መስሎ። እሱ ሁሌም አማርኛና ኦሮምኛ እየደባለቀ ነው የሚያወራ። እኔ ኦሮምኛ ብዙም አልችል፣ አባቴ ወታደር ሆኖ ወደዚህ ሲቀየር ነው የመጣነው፣ ግን ኛቴ ማለት በላ፣ በላች ማለት መሆኑን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። እንጀራን በላች። የማህበሩን እንጀራ በላች፣ ያለሥራ በላች ማለቱ ነው።

አስካለ ቃሉን ከአፉ ለቀም አደረገች። "ሰማችሁ? ሽማግሌው መሰከሩባት። የማህበሩን እንጀራ እየበላች ዛፉን አደረቀችው፣ ይሄ አሻጥር ነው።"

አሻጥር ስትል ሳቁ ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጉዳይሽ ዓርብ በስብሰባ ይታያል አለችኝ።

አምና ዱቄት ጎደለ ተብሎ አንዷን አሻጥረኛ አሏት። ቀበሌው አስሯት ስትወጣ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር፣ ከዛ ወዴት እንደሄደች አላውቅም፣ ቤቷ ሌላ ሰው ገባበት። አባቴ ሰሜን ዘምቷል። እዚህ የኔ የሚለኝ ሰው የለም። ቢያስሩኝ ስንቅ የሚያቀብለኝ ማነው?

ለሸምሲያ ነገርኳት። ሸምሲያ የምከራየው ክፍል ባለቤት ናት፣ ባሏ ከፊት ለፊት ሱቅ አለው፣ ጉራጌዎች ናቸው፣ እሷ ግን ነጌሌ ነው የተወለደችው። ጃርሶ የማህበሩን እንጀራ በላች አለኝ ስላት፣ እሱ ሰውዬ ክፉ አይወጣውም፣ ሌላ ነገር ብሎ ይሆናል አለችኝ። ተቆጣኋት። ጆሮ የለኝም ወይ?

አስካለ። ጃርሶ። ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ አሳያቸዋለሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ሄድኩ። ካልሄድኩ ሸሸች ይላሉ።

ጃርሶ መጣና "አካም ቡልቴ፣ ናጋ?" አለኝ፣ ትናንት ምንም እንዳላደረገ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ቆሞ ጠበቀኝ፣ ሰላምታው ሳይመለስለት አይሄድም። አልመለስኩም። በመጨረሻ ሲሰለቸው ጥላ ፍለጋ ወደ አጥሩ ሄደ፣ እኔ ወደ አህያዋ ተጠጋሁና የጀሪካኖቹን ክዳን አላላሁት፣ ከዛ አዘነበልኳቸው። ውሃው ዱብ ዱብ እያለ አፈር ላይ ፈሰሰ። ደስታዬ! ሆዴ ድረስ ነው የቀዘቀዘኝ።

ከዛ ባልዲዬን አየሁት። ባዶ። ለካ የደፋሁት የማጠጣበትን የራሴን ውሃ ነው። በቀል እንኳን በወጉ አልችልም።

ጃርሶ ተመልሶ ጀሪካኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ የአህያዋን ጆሮ ሳብ ሳብ አደረገና ይዟት ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃ የለ፣ ሥራ የለ፣ ብርቱካኑ ሥር ቁጭ አልኩ። ጉንዳን በግንዱ ይወጣል ይወርዳል፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ይመስል ተሰልፎ። ጉንዳን ፍሬ የሌለው ዛፍ ላይ ምን ይሠራል? በዓይኔ ተከተልኩት። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ቡናማ እብጠት አለ፣ ምስር ክክ ተለጥፎበት ነው የሚመስል፣ እኔ እስከዛሬ የልጡ ኪንታሮት መስሎኝ ነበር። ጉንዳኑ አንዷ እብጠት ላይ ወጣና በጢሙ ደባበሳት፣ ደባበሳት፣ ከዛ ከኋላዋ ጠብታ አወጣች፣ እንባ የምታክል። ጠጣት። ቀጥሎ ወደ ሌላዋ ሄደ። ላም እኮ ነው የሚያልበው!

አንዷን በጥፍሬ ፈለቀቅኳት። ተፈረጠች፣ ቢጫ ነገር ወጣ። ሕይወት አላት። ያ ሁሉ ኪንታሮት ያልኩት ሕይወት ያለው ነው። እግር የላትም ብል ይቀለኛል፣ አላየሁትም፣ ቅርንጫፉ ላይ ተደፍታ ተቀምጣ ትመጥጣለች፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም።

ጠብታውን ቀመስኩት። ይጣፍጣል፣ የስኳር ውሃ ነው። ጉንዳን ያልጠጣው ከታች ያለው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ ጥላሸቱም እዛው ላይ ይበቅላል፣ ሻጋታ ነገር ነው። የጠቆረ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ቀና ስል ከላዩ እነሱ አሉ። ሁሉም ጋ። ሁሉም ጋ አየሁ።

እና ዛፉን ያደረቅኩት እኔ አይደለሁም። ግን ለማን ልንገር? ባሳያት አንቺ አመጣሽው ትለኛለች። አሻጥሩ ይብሳል እንጂ አይቀልልኝም።

ማታ እራቴን ስበላ አንድ ነገር መጣብኝ። የአስካለ ደጅ ሎሚ አለ። የደብር ጥላ የሚያክል ሎሚ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሥሩ በርጩማ አውጥታ የምታስቀምጥበት። የአስካለ ሎሚ ነው የሚባለው፣ ቤቷንም በሱ ነው የሚጠቁሙት።

እንግዲህ አመጣሽው ካሉኝ፣ ላምጣው።


ረቡዕ፣ የካቲት 9

ጃርሶ ዛሬ ውሃውን ከበሩ ላይ አራግፎ ሄደ፣ ወደ ውስጥ አልገባም። ይሂድ።

ውሃውን ቶሎ አጠጣሁና ሥራዬን ያዝኩ። መጀመሪያ እንዴት ወደ ሌላ ዛፍ እንደሚሄዱ ማወቅ አለብኝ፣ እናቶቹ እንደሆነ ንቅንቅ አይሉም። ብፈለቅቃቸው ይሞታሉ። ብዙ ፈለቀቅኩ። ከዛ አንዷ ያረጀች፣ የደረቀች፣ ጀርባዋ የጠነከረ፣ ስገለብጣት ከሥሯ ዱቄት ነገር ፈሰሰ። መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ዱቄቱ ይሄዳል! ልጆቿ ናቸው። ከጤፍ ያንሳሉ፣ ቢጫ ናቸው፣ እግር አላቸው። እናትየው ጀርባዋን ጣራ አድርጋላቸው ነው የሞተችው።

አንድ ለጋ ቅጠል ላይ አራገፍኳቸው። ወዲህ ወዲያ አሉ፣ ቦታ ይመርጣሉ፣ ከዛ የቅጠሉ ጅማት ላይ አንድ አንድ እያሉ ቆሙ። ቆየት ብዬ ተመልሼ ሳይ አሁንም እዛው ናቸው። በገለባ ብነካቸውም አይሄዱም። አፋቸውን ሰክተዋል። ማህበር ገብታ ወንበር እንዳገኘች ሴትዮ፣ ከዛ ወዲያ መነሳት የለም፣ መምጠጥ ብቻ፣ ጀርባ ማጠንከር ብቻ። አስካለን ነው ያየሁት። ምላሴ ይድረቅ፣ አስካለን ነው!

ቀይ ጥንዚዛም መጣች፣ ክብ፣ ነጠብጣብ ያላት። አንዷን ልጅ ቀርጠፍ ስታደርግ ጉንዳኖቹ ግር ብለው መጡ፣ ነከሷት፣ ገፈተሯት፣ ከቅጠሉ ጣሏት። ለአስካለም እንደዚህ የሚሆኑላት ሴቶች አሉ፣ ለአንድ ኪሎ ስኳር።

ልጆች ያሏትን ቅርንጫፍ መርጬ ቆረጥኩ። በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ነጌሌ ይተኛል፣ ፍየል እንኳን ከግድግዳ ሥር ትለጠፋለች፣ ያንን ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። የአስካለ በር ገርበብ ብሏል፣ ውስጥ ትተኛለች፣ ስታንኮራፋ ይሰማል። እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ፣ ቅርንጫፉን ከሎሚው ለጋ ቅርንጫፍ ጋ ገጠምኩት፣ ማሰሪያ አልያዝኩም። ምን ልሁን! ከሹራቤ እጅጌ ክር መዘዝኩ፣ አሰርኩት፣ ሮጥኩ።

ቅርንጫፉ ሲደርቅ ልጆቹ ይርባቸዋል፣ ሲርባቸው ይሄዳሉ፣ መሄጃቸው ሎሚው ነው። 

አደረግኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ይጥቆር። ደጇ ይጥቆር፣ እንግዳዋ ላይ ይንጠባጠብ፣ በርጩማው ቂጧ ላይ ይጣበቅ።


ሐሙስ፣ የካቲት 10

ጉድ ሆኛለሁ። ጉድ ሆኛለሁ። በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ሸምሲያ ሱቅ ውስጥ ስኳር ታስተካክላለች። የስኳሩን ጆንያ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውታል፣ የአግዳሚው እግሮች እያንዳንዳቸው ላምባ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል፣ ጉንዳን እንዳይወጣ። ሳየው ስለ ብርቱካኑ ጉንዳን አነሳሁባት፣ ከዛ ነገር ነገርን አመጣና ጃርሶ የተናገራትን እንዳለች፣ በራሱ ቃል፣ እንጀራን ኛቴ ብዬ ነገርኳት።

ሸምሲያ ማንኪያውን ጣለችው። ሳቀች። ጆንያው ላይ ተደግፋ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ፣ ባሏ ከውጭ ምን ሆናችሁ አለ።

"አንቺ፣ እንጀራን አይደለም፣ እንጂራን ነው። እንጂራን በኦሮምኛ ቅማል ነው። ዛፉን ቅማል በላው ነው ያሉሽ።"

ቅማል። ዱላው ወደኔ አልነበረም፣ ከኔ በላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ነበር። እኔ ያገኘሁት መስሎኝ የጨፈርኩበትን ነገር እሳቸው ሰኞ ጠዋት ነግረውኛል። አንድ ሰው በዛ ሁሉ መሃል ለኔ መሰከረልኝ፣ እኔ ውሃውን ደፋሁበት። ደፋሁባቸው። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ናቸው።

ሸምሲያን አስከትዬ ከከተማው ዳር ቤታቸው ሄድኩ። ኦቦ ጃርሶ ደጃቸው ተቀምጠው የአህያዋን ኮርቻ ይሰፋሉ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልሰማሁም፣ ቋንቋ አጥቼ ነው አልኩ። ቀና እንኳን አላሉም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና "መጀመሪያ ሰላምታዬን መልሽ" አሉኝ።

"ናጋ" አልኩ። 

"እንዴት አደርሽ ብዬሽ ነበር። የማክሰኞው ነው።"

"ናጋ፣ ደህና ነኝ፣ ናጋ።"

"የረቡዑስ? በበሩ ነው ያለፍኩት፣ በሆዴ ግን ብዬሽ ነበር።" ሸምሲያ እንደገና መሳቅ ጀመረች፣ እኔ አለቀስኩ። አህያዋ ቂም ይዛብሻለች፣ ከሷ ራስሽ ታረቂ አሉኝ። ከዛ ሸምሲያ ስለ ነገው ስብሰባ ነገረቻቸው፣ ቃሌን ካጣመሙት ቀጥ አደርገዋለሁ፣ እመጣለሁ አሉ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። 

ወረደና ወዲያው ተመለሰ። ምክንያቱም ኦቦ ጃርሶ እንዲህ ቀጠሉ፣ ቅማል የአንድ ግቢ አይደለም፣ የሰፈሩ ሎሚና ብርቱካን ሁሉ ይታይ እላለሁ ነገ።

የሰፈሩ ሎሚ ሁሉ።

የአስካለ ሎሚ ላይ ክር አለ። ቀይ ክር። በዚህ ከተማ ቀይ ሹራብ በዚህ ሙቀት የሚለብስ ከኔ በቀር ማን አለ፣ አባቴ የሰጠኝ ነው፣ ሁሉም ይስቅብኛል። እና ነገ ያዩታል። ሰኞ አሻጥረኛ ሳልሆን አሻጥረኛ አሉኝ፣ ረቡዕ ሄጄ ሆንኩላቸው! አስካለ ውሸታም ነበረች፣ እኔ ነኝ እውነተኛ ያደረግኳት።

ከሰዓት በሎሚው በኩል አለፍኩ፣ ልፈታው። አስካለ ከሥሩ ተቀምጣለች፣ ከእህቷ ልጅ ጋ ምስር ትለቅማለች። ክሩ ከጭንቅላቷ በላይ ይታየኛል። ወዴት ነው አለችኝ። ዝም ብዬ ነው አልኩ። "ዝም ማለት መልመድሽ ጥሩ ነው፣ እስር ቤት ይጠቅምሻል" አለች።

ተመልሼ ባልፍ አሁንም እዛው ናት። ተሰክታለች።

ለሸምሲያ ስለ ክሩ አልነገርኳትም። ለማንም።


ዓርብ፣ የካቲት 11

ቤቴ ነኝ። ቤቴ ውስጥ፣ በፍራሼ ላይ። ፀጉሬ አለ። በእጄ እየነካሁት ነው የምጽፈው።

ስብሰባው ቀበሌው አዳራሽ ነበር። መፈክሩን አሰሙ፣ ተቀመጥን፣ የማህበራችን ሊቀመንበር የስኳር ነገር፣ የመሠረተ ትምህርት ነገር ተናገረች፣ እኔ አንዱንም አልሰማሁ። ከዛ አስካለ ተነሳች። ጓዲት ሊቀመንበር ብላ ጀመረች። ዛፎቹ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ናቸው፣ እቺ ልጅ አደረቀቻቸው፣ ውሃ አቅራቢው ሽማግሌ ሳይቀሩ እንጀራን በላች ብለው በአደባባይ መስክረዋል አለች።

ኦቦ ጃርሶ ከኋላ ቆመው ነበር። ልናገር አሉ። በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ሸምሲያ ወደ አማርኛ እየመለሰች። እንጂራን ምን እንደሆነ ስትል ኦሮምኛ የሚችሉት ቀድመው ሳቁ፣ ከዛ ሌላው። አንዷ ከኋላ "እትዬ አስካለ፣ ለእራት እንጂራን ነው የበሉት?" አለች። ሊቀመንበሯ ራሷ አፏን በእጇ ሸፈነች። አስካለ ፊቷ ብርቱካን መሰለ፣ የበሰለ አይደለም፣ የጠቆረውን። 

እንዴት ደስ ይል ነበር። ክሩ ባይኖር እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከአትክልት ቦታው የቆረጥኩትን ቅርንጫፍ ለሊቀመንበሯ ሰጠኋት። በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ ቢጫው ወጣ፣ ጥፍሯን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ጉንዳኑን ነገርኳት፣ ጠብታውን፣ ጥላሸቱን፣ ልጆቹን። ድምፄ ይቆራረጣል ግን ተናገርኩ፣ በስብሰባ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አስካለ ግን ተሸንፋ ዝም አትልም። እሺ ቅማል ይሁን፣ ቅማሉንስ ማን አመጣው አለች። ወደኔ እያየች። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ እጅጌዬን ወደ ውስጥ ሳብኩት፣ ሹራቡን ዛሬ አልለበስኩም ግን ሳብኩት። 

ኦቦ ጃርሶ መለሱላት። "ግመሌ መዥገር ሲይዛት ማን አመጣብሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አወልቅላታለሁ።"

ተጨበጨበ። ሊቀመንበሯ ወሰነች፣ በሰፈሩ ሁሉ የፀረ ቅማል ዘመቻ ይካሄዳል አለች። ዘመቻ የማይባል ነገር የለም መቼም። የሳሙና ውሃና ጨርቅ፣ ጉንዳኑን ደግሞ እንደ ሸምሲያ ስኳር፣ ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ግራሶ መቀባት፣ ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት። ሳሙናው ከቀበሌ ሱቅ ይወጣል። የምትመራው ማናት? ዘነበች። ከየት ይጀመራል?

ከጓዲት አስካለ ሎሚ። ትልቁ እሱ ስለሆነ።

ነገ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 12

በጠዋት ሄድኩ፣ ማንም ሳይነሳ ክሩን ልፈታ። አስካለ ተነስታለች። በርጩማ አውጥታ፣ ክንዷን አጣጥፋ ሎሚው ሥር ትጠብቀኛለች። ሳሙናውን በጠበጥኩ። 

በርጩማው ላይ ወጣሁ። ያሰርኩት ቅርንጫፍ ደርቆ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ልጆቹ የሉበትም። ሄደዋል። የሎሚውን ለጋ ቅጠል ገለበጥኩ፣ አሉ፣ ጅማቱ ላይ ተሰድረዋል፣ ቢጫ፣ ዝም ያሉ። ልክ እንዳሰብኩት። በሕይወቴ እንዳሰብኩት የሆነልኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው መሰለኝ።

ክሩን ልይዝ ስል "ያ ምንድነው?" አለች ከታች።

"ምልክት ነው" አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። "የታመመ ቅርንጫፍ ስናገኝ ክር እናስርበታለን። እንዳይረሳ።"

"መቼ አሰርሽው?"

"አሁን።"

ክሩ አቧራ ለብሷል እኮ። ነጌሌም ቢሆን አሁን ያሰሩት ክር እንደዛ አቧራ አይለብስም። አየችው፣ እጅጌዬን አየች፣ ሹራቡን ዛሬ ለብሼ ነው የመጣሁት፣ ምን ነካኝ። አሁን ትጮሃለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ ቤት ላይም አለ ማለት ነው?" አለች። ድምፁ የአስካለ አይመስልም ነበር። ቅማል አለብሽ የተባለች ሴት ድምፅ ነው። ወደ መንገዱ ዘወር አለች፣ ሰው እንዳያይ። ከዛ ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው ሳይነሳ ቶሎ እጠቢው ዘኑዬ" አለችኝ።

ዘኑዬ! ሰኞ ድርቅ፣ ቅዳሜ ዘኑዬ። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። አውቃ ስላፈረች ይሆናል፣ ስብሰባው ላይ ስለተሳቀባት ይሆናል፣ እንደገና አፏን ብትከፍት ቅማላም ሎሚ ይዛ ነው የምትከፍተው። ወይም ደግሞ ሌላ ቀን ትጠብቀኛለች። ክሩን ፈትቼ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ማታ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። 

አጠብኩላት። በጨርቅ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ከላይ ከሥር፣ ክንዴ እስኪዝል። ሻይ አመጣችልኝ፣ ጠጣሁት፣ ስኳሩን አብዝታበታለች። የእህቷ ልጅ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ባልዲ እንኳን በወጉ አትይዝም፣ ደስ አለኝ። ግንዱን ጨርቅ ጠምጥሜ ግራሶ ቀባሁት። ጉንዳኖቹ እስከዛ ይመጡና ይቆማሉ፣ ይተራመሳሉ፣ ይመለሳሉ። ጥበቃ የለም ከእንግዲህ።

የሰፈሩ ሰው ሲነሳ ሎሚው ያበራ ነበር። አስካለ ደጇ ቆማ፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ያሳጠብኩ፣ ለአርአያነት ትላለች ለሚያልፈው ሁሉ። ሳቄን ዋጥኩ።

አሁን ማታ ነው፣ ፈርቼ አይደለም የምጽፈው፣ ወይም ትንሽ ፈርቼ ነው። ከላይ፣ ወደ ቆርቆሮው ጣራ ባጋደለው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል አለች። ጅማቷ ላይ ጥቂት ልጆች ተቀምጠዋል። አይቻቸዋለሁ። በርጩማው አያደርሰኝም ነበር ልል እችላለሁ፣ ግን በጣቶቼ ብቆም ያደርሰኝ ነበር። ጨርቁን ይዤ ቆምኩ፣ አየኋቸው፣ ከዛ ወረድኩ።

ሰኞ ተመልሼ አጥባታለሁ መሰለኝ። ወይ ቀይዋ ጥንዚዛ ታገኛቸዋለች፣ አሁን የሚያባርራት ጉንዳን የለም። ወይ እሷም አታገኛቸው ይሆናል። እስከ ሰኞ ግን አስካለ ከሥራቸው ትቀመጣለች፣ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ለሁለት ቀን ልወቅ።